ለተሸናፊ ቡድን የተደረገ ሽምግልና

“ልጃችሁን ለልጃችን” ብሎ ሽምግልና የሄደ ሰው ሁሉ ዋሽቷል። አትቆጡኝ። “ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው” ያላችሁለት ጎረምሳ እስከ ረፋድ እንደሚተኛ ጠፍቷችሁ ነው? እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ የልጁን አመል አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ... ከዚያ ወዲህ የሚልከኝ ጠፋ።

ዘንድሮ ግን በስተርጅና ተላክሁ፤ ያውም ለፉትቦል።

ልጄ ሙባረክ እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ይማራል፤ የአሜሪካኑን ፉትቦል፣ ያንን ራስ ቁር ደፍተው እንደ አውራ በግ የሚጋጩበትን፣ ይጫወታል። አልወድለትም። በወጉ ልንቀፈው ብዬ ደንቡን ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ብቻዬን አጠናሁ። ካጠናሁ በኋላ ቡድኑ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ገባኝ። ባልማር ይሻለኝ ነበር።

እዚህ አገር ኮሌጆች እንደ እድር ተቧድነው ነው የሚጫወቱት፤ እድሩን ኮንፈረንስ ይሉታል። ታዲያ ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ገንዘብ ተከትለው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘሉ ትንንሾቹም አይተው ተማሩ። የእኛም እድርተኞች አንድ በአንድ ወደተሻለው ሄዱ፤ ዘንድሮ አንድም ጨዋታ ያላሸነፈው የሙባረክ ኮሌጅ ብቻውን ድንኳኑን ታቅፎ ቀረ። ሌላ ኮንፈረንስ ካልተቀበለው ፉትቦሉ ይዘጋል ተባለ። እኔ “አልሐምዱሊላህ” ልል አፌን ስከፍት ሙባረክ ቀደመኝ፤ ከተዘጋ ቴክሳስ ሄጄ እጫወታለሁ አለ።

እናቱ ዘይነባ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልጁ አሁን ከምንኖርበት ከኢገን እየነዳ ተምሮ ማታ ቤቱ ይገባል። ቴክሳስ ከሄደ ግን የምታየው በዒድ ብቻ ነው፤ እሱም ትኬት ከተገኘ።

በኋላ ከአንድ ኮንፈረንስ ኮሌጁን የሚያዩ እንግዶች እንደሚመጡ፣ የተጫዋቾች ወላጆችም አብረዋቸው ምሳ እንደሚበሉ ተነገረን። ዘይነባ ሸሚዜን ተኩሳ አቀበለችኝ።

“ሽምግልና ነው የምትሄደው” አለችኝ። “አደራህን፣ እውነት እንዳትናገር።”

ሙባረክም በእንግሊዝኛ ያንኑ ደገመልኝ።

እንደ ዕድሌ የኮንፈረንሱ ዋና ሰው፣ ጢማቸው የነጣ አዛውንት፣ አጠገቤ ተቀመጡ። አሠልጣኙ ቡድኑ መልሶ ግንባታ ላይ ነው ብሏቸው ኖሮ ወደ እኔ ዞረው እውነት ነው ወይ አሉኝ። ሙባረክ ፊት ለፊቴ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል። ዕድሜ ልኬን አትዋሹ እያልኩ የጮህኩበት አፍ ግን እሺ አላለኝም።

“ግንባታውን እንኳ አላየሁም” አልኳቸው። “የማየው ፍርስራሹን ነው።”

ከዚያ ማን ያስቁመኝ... ኳሱ ከእጃቸው እንደሚያመልጥ፣ በመብረቅ ምክንያት ጨዋታ የተቋረጠ ዕለት ወላጆች በሙሉ እንዳጨበጨብን ነገርኳቸው። ፍርድ እንዳይጓደል ደግሞ፣ በረዶ ቢወርድም ከልምምድ የሚቀር ልጅ እንደሌለ፣ ተሸንፎ የሚሳደብም እንደሌለ ጨመርኩ። ሰውዬው መብላታቸውን ትተው ያዳምጡኛል።

ስንመለስ መኪናውን የነዳው ሙባረክ ነው። ቤት በር ላይ ስንደርስ በእንግሊዝኛው፣ “ዳድ፣ ‘ጥሩ ናቸው’ ማለት ምን ይከብዳል?” አለኝ። ዘይነባ ሁሉን ከሰማች በኋላ እራቴን አቅርባ እሷ ሌላ ክፍል ገባች። እንዲህ ያለ እራት የበላችሁ ታውቁታላችሁ።

ከሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ። ተቀብለውናል! እኔ ሆዬ ደረቴን ነፍቼ ለእናትና ልጅ ስለ እውነተኝነት ረጅም ንግግር ጀመርኩ። ሳልጨርስ አሠልጣኙ የጨዋታውን ፕሮግራም ለሙባረክ በስልክ ላከለት። ልጁ አነበበና በሳቅ ፈረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪዎቹን የሚጠራበት ዓመታዊ ድግስ አለው፤ ያን ዕለት በእንግዳ ፊት መሸነፍ ነውር ነው። የአዲሱ ኮንፈረንስ ኮሌጆች በሙሉ፣ በየተራ፣ ለድግሳቸው ተጋጣሚ አድርገው የመረጡት እኛን ነው። ሙሽራ የሆንን መስሎን ነበር... ለካ የተፈለግነው ለሰንጋነት ነው።

ይህንኑ ለሙባረክ ነገርኩት። በእንግሊዝኛ ካልሆነ የማይመልስልኝ ልጅ ቀና ብሎ በአማርኛ፣ “ሰንጋም እኮ ቀንድ አለው” አለኝ።

ዘይነባ ግድ የላትም። አሸነፈም ተሸነፈም ልጇ ማታ ቤቱ ይገባል።

እኔም ለመጀመሪያው ድግስ ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ ለምን ሲለኝ፣ ፉትቦል ክፉ ነው ብዬ ስንት ጊዜ የሰበክሁት ሰው ነውና አፈርኩ።

“ሰርግ አለብኝ” አልኩት። “የልጄ።”

ይኸው አሁን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ለሙሽራው ስጦታ እየመረጠ ነው።