ምንም የሌለው ጭኮ

የአሜሪካ ፈታሽ የሐበሻ ምግብ ጠላት ነው ይባላል። ውሸት ነው። የምግባችን ጠላት «ምንም የለውም» የምንለው ነገር ነው። እኛ ጉዳት የለውም ማለታችን ነው፤ ፈታሹ ግን ባዶ ነው ያልነው ይመስለዋል።

ጋሽ ታደሰን አታውቋቸውም? በየሰፈራችሁ አሉ። ሳን ሆዜ ለወለደች ልጃቸው ከአርሲ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በካርጎ ተላከላቸውና ኦክላንድ ጉምሩክ ላይ ተያዘ። እኔም ለማስተርጎም ተጎተትኩ።

«ምን አለው?» አለ ፈታሹ።

ጋሽ ታደሰ በራሳቸው እንግሊዝኛ ቀደሙኝ፤ «ምንም የለውም!»

«ታዲያ ይህ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነዋ!»

«ቅቤ ከወተት አይደለም የሚወጣው?»

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። «የነጠረ ነው፤ ወተትነቱን ረስቷል በለው።»

ይህን እንዴት ብዬ ልተርጉም? ፈታሹ ወተት ነክ ምግብ አስቀድሞ መነገር፣ የአሠራሩም ማስረጃ አብሮት መምጣት እንዳለበት በትሕትና አስረዳን። ከዚያ የአራሷን ጭኮ መጣያ ውስጥ ከተተው።

«ምቀኛ!» አሉ ጋሽ ታደሰ። አራሷም በኦትሚል፣ በፈረንጆቹ የአጃ ገንፎ፣ ከረመች።

አንባቢ ሆይ፣ ስትጠየቅ ያለውን ተናገር። አልናገርም ካልክም ለማስተርጎም እኔን አትጥራኝ።