የተገመገመ ሙሽራ

ጥቂት ደቂቃ ብትሰጡኝ የማያስቆጭ ታሪክ እነግራችኋለሁ። የማግባት ሐሳብ የሌለው ሰው እንኳ ይጠቀምበታል።

የጡረታ ነገር ግራ ያጋባኛል። ወታደር ጡረታ ሲወጣ ጠመንጃውን ያስረክባል፤ ሾፌር ቁልፉን። ዕድሜውን ሙሉ ስብሰባ የመራ ሰውስ ምን ያስረክባል? ምንም። ስብሰባውን ይዞት ቤቱ ይገባል።

የካዛንቺሱ ጎረቤታችን ጋሽ ዘለቀ እንዲህ ናቸው። እዚሁ ሰፈር በመምህርነት ጀምረው፣ ርዕሰ መምህር ሆኑ፤ ከዚያ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጡ። ከእኛ ሰፈር እስከ ስታዲየም ያልቆነጠጡት ጆሮ የለም ይባላል።

እኔ ደግሞ የላንቻዋን ሠናይትን ማግባት ፈለግኩ። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ደምሴ መምህር ስለሆኑ ዲግሪ የሌለውን ሰው እንደ ሰው ለመቁጠር ይቸገራሉ። እኔ ኮምፒውተር መጠገን የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው፤ ማለቴ፣ መምህሩም ተማሪውም እኔው ነኝ። ሠናይት “አባዬ አንዴ እምቢ ካለ አለቀ” ብላ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ሽማግሌ ስመርጥ በደንብ አሰብኩበት። አቶ ደምሴ ለዓመታት ያስተማሩት በጋሽ ዘለቀ ሥር ነው። የቀድሞ አለቃውን ፊት ለፊት እምቢ የሚል ማን አለ?

ጋሽ ዘለቀን ከአጎቴ ከሽመልስ ጋር ላክኋቸውና እዚያው ላንቻ አንድ ጁስ ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ሳልኖር የሆነውን አጎቴ ነው የነገረኝ።

ሽማግሌ፣ ካላወቃችሁ ላስረዳ፣ ጉዳዩ እስኪሰማለት ድረስ ቆሞ ነው የሚለምነው። ጋሽ ዘለቀ ግን እንደገቡ ትልቁን ወንበር መረጡና የቤቱን ጌታ “ተቀመጥ ደምሴ፣ እንጀምር” አሏቸው። አቶ ደምሴም በገዛ ቤታቸው ተፈቅዶላቸው ተቀመጡ።

አቶ ደምሴ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ጠየቁ። እዚህ ላይ ማንኛውም ጤነኛ ሽማግሌ “ወርቅ የሆነ ልጅ” ብሎ ያልፋል። ጋሽ ዘለቀ ግን ስንቱን መምህር የገመገሙ ሰው ናቸው። ግምገማ ማለት፣ ለማያውቅ፣ የሰውን ጠንካራ ጎን ቶሎ ጨርሶ ደካማ ጎኑ ላይ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ መቆየት ነው። “ጠንካራ ጎን፣ ሰዓት ያከብራል” ብለው ዘጉት። ከዚያ ደካማ ጎኔ ተከፈተ። “ሳይጠየቅ ያብራራል። ከተጠየቀ ደግሞ ከዓለም አፈጣጠር ይጀምራል። ሬዲዮኔን ‘ልየው’ ብሎ ወስዶ እስካሁን እያየው ነው” አሉ።

አጎቴን ላብ አጠመቀው። ክርናቸውን ነካ ቢያደርጋቸው፣ “ሽመልስ፣ አስተያየት ካለህ እጅህን አውጥተህ ተናገር” አሉት።

በዚህም አላበቁም። ሰው በሌለበት አይገመገምም ብለው እኔን አስጠሩኝ። ሙሽራ ለገዛ ሽምግልናው ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ገባሁ። በሩ አጠገብ አቆሙኝና የተባለውን ትቀበላለህ ወይ አሉኝ። እቀበላለሁ፣ የሬዲዮው ጉዳይ ግን በዝርዝር ሲታይ... ስል “በቃ፣ ታይቷል” አሉ። የሠናይት እናት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ ደምሴ አልሳቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሠናይት በጓዳው በር አጮልቃ ታየኛለች፤ ፊቷ ጠቆረ። የአባቷ እምቢታ ሁልጊዜ በጉሮሮ መጥረግ እንደሚጀምር እሷ ታውቃለች።

ጋሽ ዘለቀ ሰዓታቸውን አዩ። “እንግዲህ ጊዜያችንን በአግባቡ እንጠቀም። ልጁ ደካማ ጎኑን እያረመ ሠናይትን ያግባ የምትሉ፣ እጅ።”

የአቶ ደምሴ እጅ ወጣ። በየስብሰባው ያንን ድምፅ ሲሰማ ሲወጣ የኖረ እጅ ነው፤ ባለቤቱን አላማከረም። ጋሽ ዘለቀ “ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ? የለም። ጸድቋል” ብለው ተነሡ። አቶ ደምሴ ቀና ብለው የገዛ እጃቸውን የሰው እጅ ይመስል አዩት። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና ላስብበት ብዬ...” ቢሉም “አጀንዳው ተዘግቷል ደምሴ” ተባሉ። የሠናይት እናት እልልታውን አቀለጡት።

እናንተም ሂዱና ሞክሩት። ጡረታ የወጣ የትምህርት ኃላፊ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ስብሰባ ናፍቆት በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የወደፊት አማታችሁ መምህር ከሆኑ ነገሩ አለቀ በሉት። ነጋዴ ከሆኑ ግን እኔ የለሁበትም። ነጋዴ ለምን እንደሆነ ሳያጣራ እጁን አያወጣም።