አምስት ጭብጨባ ለአንድ ቃል

ፈረንጅ ቃል ማስረዘም ሲወድ ልክ የለውም። «አንፎርቹኔትሊ» ምን የሚሉት ነው? ይህንኑ ለልጄ ለሀያት ብነግራት፣ «አባ፣ የኛው ‹እንደ አለመታደል ሆኖ› አይረዝምም?» አለችኝ። ቤት ውስጥ እንዲህ ናት። ክፍል ውስጥ ሲያስነሷት ግን ድምጿ ይጠፋል። ልጆቹ ይስቁባታል፤ ቤት ስትገባ ታለቅሳለች።

ያን ሰሞን የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ረጃጅም ቃላት ሰጠቻቸው። ቃሉን እያጨበጨቡ ይቆራርጡታል። ለአንድ ቁራጭ አንድ ጭብጨባ፤ ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረው ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ። ሀያት በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆማ ልታደርገው ነው። እኔ ዱባይ ተራ ጂንስ ነው የምሸጠው፤ እንግሊዝኛው ባይገባኝም መቆራረጡ ገባኝ። «አን» ቀበቶ፣ «ፎር-ቹ-ኔት» ሱሪው ራሱ፣ «ሊ» ከታች እጥፋቱ።

ሱቁ ደጃፍ ቆመን ጀመርን። አን-ፎር-ቹ-ኔት-ሊ! «ፎር» ላይ ጠንከር!

አያችሁ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። እኛ ሰፈር ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰው ዕቃ በርካሽ እያራገፈ ነው። ሁለት ሴቶች ቆሙ። እነሱ ለምን ቆሙ ብሎ ሌላው ቆመ። አንድ አባት ሱሪ አንስተው፣ «ይሄም አንፎርቹኔትሊ ውስጥ አለበት?» አሉኝ። ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጠው ጀማል ገበያ የነጠቅኩት መስሎት እሱም ማጨብጨብ ጀመረ። «አንፎርቹሊ እዚህም አለ!» እያለ ይጮኻል።

ሀያት ከኋላዬ ተሸጎጠች። በቃ፣ ነገም እንዲሁ ናት ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ጀማል ግን ቃሉን ደጋግሞ ሲገድለው መታገሥ አቃታት። ካርቶን ላይ ዘላ ወጣችና፣ «ጋሽ ጀማል፣ አንድ ጎደለ እኮ! አምስት ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ያን ሁሉ ሕዝብ አስጨበጨበችው። እንባዬ መጣ። ማን ሱሪ ይዞ እንደሄደ እንኳ አላየሁም።

በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ አስጨብጭባ መጣች። ደስታዬን ተዉት።

ሳምንት ሳይሞላ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሀያት ወሬ አብዝታ ማስተማር አልቻልኩም። እቤት ዝም የሚያሰኟት እንዴት ነው?» አለችኝ በትሕትና።

እኔም እንደ ጨዋ አባት አንገቴን ደፍቼ፣ «አንፎርቹኔትሊ...» አልኳት። ለካ እጄም አብሮ ያጨበጭባል፤ «ፎር» ላይ ጠንከር አድርጎ።