የሮማኗ ዋስ

ዛፍ የሌለው ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ የሰው ዛፍ ላይ የሚያዝዝ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። ለኛ ለኢራን ሐማዳን ሰዎች የደረሱን ክቡር አጋ ኖስራት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ በገዛ ሥልጣናቸው ደግሞ የሰፈሩ ዛፎች ጠቅላይ አዛዥ።

ከአልቫንድ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊት መለብለብ ሲጀምር አጋ ኖስራት በር አያንኳኩም። መጀመሪያ ጭንቅላታቸው በግንቡ ላይ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ጆንያ ይወረወራል፣ ከዚያ እሳቸው ይከተላሉ። "ማን ጠራዎት?" ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "እኔ አላልኩም፣ ዛፉ ነው ያለው።"

ዛፉ ደግሞ የማይለው የለም። ዳቦ ጋጋሪው ብርድ ሊገባ ሲል በለሱን ሲገርዝ አይተው መቀሱን ነጥቀው ሄዱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሱለትም። የመስጊዱን ሼህ ከሶላት በኋላ ጥግ ይዘው፣ ግንዱ ኖራ ያልተቀባ ዛፍ ፀሐይና ውርጭ ሲፈራረቁበት እንደሚሰነጠቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲመክሯቸው፣ ሰዉ ስለ ነፍስ ጉዳይ መስሎት ከንፈሩን መጠጠ። የክት ብርድ ልብሴን የጎረቤት በለስ ለብሶት ያገኘሁበት ቀንም አለ።

እኔ ማህላቃ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁና ሰው ሲያዝዘኝ ደሜ ይፈላል። ግቢዬ ውስጥ ያለችው አንዲት ሮማን ናት። ሟቹ ባሌ ጃምሺድ ከሮማን አገር ከሳቬህ ድረስ በአውቶቡስ ጉልበቱ ላይ አቅፎ ነው ያመጣት። የኛ ብርድ ለሮማን አይሆንም፤ በየዓመቱ ካልተሸፈነች ትሞታለች። ከእሱ የቀረኝ ነፍስ ያለው ነገር እሷ ብቻ ናት።

የዛሬ ሁለት ዓመት አጋ ኖስራት ጭድና ጆንያቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ዘንድሮ ራሴ አላንስም ብዬ መለስኳቸው። ወፍራም ላስቲክ ገዛሁና ከእግር እስከ ራሷ ጠቀለልኳት። እሳቸው በግንቡ ላይ ሆነው፣ ላስቲክ አያስተነፍስም፣ ቀን ያልባታል፣ ማታ ላቧ በረዶ ይሆንባታል አሉኝ። ይሄንንም ዛፉ ነው ያለው? ብዬ አሾፍኩባቸው። ጆንያቸውን ሰብስበው ከግንቡ ወረዱ። አጋ ኖስራት ክርክር ትተው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በረዶው አልፎ የሰው ግቢ ሁሉ ሲለመልም የኔዋ እንደ መጥረጊያ ደርቃ ቀረች። አለቀስኩ፤ ለማን ይነገራል? ወንድሜ ቢዣን፣ በየቀኑ እያየሽ ከምትብሰለሰዪ ትቆረጥና ይውጣልሽ አለኝ። አንድ አርብ መጥረቢያውን ይዞ መጣ።

እኛ ዘንድ አንድ ወግ አለ። ፍሬ እንቢ ያለ ዛፍ በብርዱ ማብቂያ ላይ ይዛትበታል። አንዱ መጥረቢያ ያነሳል፣ ሌላው መሃል ገብቶ ዋስ ይሆነዋል። ዋስ ከቆመለት በኋላ ዛፉን የቆረጠ ሰው በሰፈሩ ቀና ብሎ አይሄድም።

ቢዣን መጥረቢያውን ሲያነሳ፣ በዚያ ቀን ጆንያው ቀርቶ አጋ ኖስራት ራሳቸው ከግንቡ ወረዱ። ሮማኗን ከጀርባቸው አድርገው ቆሙ።

"ማሯት። የዘንድሮን ማሯት፣ ዋሷ እኔ ነኝ።"

ቢዣን ግራ ገባው። "አጋ ኖስራት፣ ይሄ እኮ ጨዋታው አይደለም። ዛፏ ሞታለች።"

"ዋስ ሆኛለሁ" አሉት። "ቁረጥ እስቲ።"

ቢዣን እኔን አየ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። መጥረቢያውን ይዞ ተመለሰ። እኔም ሽማግሌው ወቅቱ ተምታቶባቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

በአርባኛው ቀን ከሥሯ ሦስት ቀንበጥ ብቅ አለ። እንደ ልጅ እየሮጥኩ ልነግራቸው ሄድኩ። ያን ሁሉ ዓመት ተጎራብተን ግቢያቸውን የረገጥኩት ያን ቀን ነው። ወለሉ ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነበር፤ አንዲት ቅጠል የለችበትም። መሃሉ ላይ የትሪ ስፋት ያላት ክብ ብቻ ቀለሟ ለየት ይላል። እሷን ትክ ብዬ ሳይ ጊዜ ገባቸው።

"ሮማን ነበረች። በላስቲክ ጠቀለልኳትና ደረቀች። ከሥሯ ታቆጠቁጥ እንደሆነ እንኳ ሳልጠብቅ ራሴው ቆረጥኳት፤ መሃል የገባ ሰው አልነበረም።"

ክቧ ዳር ቁጭ አልኩ። "ይሄንንም ዛፉ ነው ያለው?" አልኳቸው።

"አይ እትዬ፣ ይሄን እንኳ ያልኩት እኔ ነኝ።"

በማግሥቱ ዓመት ሲሚንቶውን አስፈልጬ ከሦስቱ ቀንበጦች አንዱን ከነሥሩ ተከልኩላቸው። ዘንድሮ ነፋሱ ሲለወጥ በዚህ ዕድሜዬ ጆንያዬን በግንቡ ላይ ወረወርኩና ተከተልኩት። ለአዲሷ ሮማናቸው ጭዱን ስስ አድርገው፣ ሲባጎውን አላልተው እያሰሩ ደረስኩባቸው። እንዲህ አይታሰርም ብዬ ከእጃቸው ወሰድኩት።

ቀና ብለው አዩኝ።

"እትዬ ማህላቃ፣ ማን ጠራዎት?"