የመተቃቀፉን ርዝመት ለመወሰን የተደረገ ስብሰባ

ቀንና ቦታ፦ ማክሰኞ ከቀኑ 9፡00፤ ሲኒማ ቤቱ ትኬት ክፍል።

የተገኙ የፊልም ፈቃድ ጉባኤ አባላት፦ ሰብሳቢው (ጡረተኛ መሬት ቀያሽ)፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ገንዘብ ያዧ፣ እኔ ጸሐፊው። ውጭ ተኩስ ስላለ የቀረ ሰው የለም፤ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ፊልሙን ያየ አባልም የለም። በደንባችን አንቀጽ 4 መሠረት ፊልም ያየ አባል ልቡ ሊሸፍት ስለሚችል ድምፅ አይሰጥም።

አመልካቾች፦ ፊልም ሠሪዋና ልብስ ሰፊው። ልብስ ሰፊው ከወንዙ ማዶ፣ ከጠላት አገር ናቸው። ባለፈው ጦርነት ፊልም ሠሪዋን ሱቃቸው ውስጥ ደብቀው አትርፈዋል፤ ፊልሙም ይኸው ታሪክ ሲሆን ሁለቱም ራሳቸውን ሆነው ይሠራሉ። የማዶ ሰዎች አገር እንዲለቁ ስለታዘዘ የልብስ ሰፊው አውቶቡስ ዛሬ 12 ሰዓት ይነሳል። ፊልም ሠሪዋ «አንዴ አብረን እንየውና ይሂድ» ሲሉ ጠይቀዋል። የስፌት መኪናቸውን ይዘው የቀረቡት ልብስ ሰፊው የሚሉት እንዳለ ተጠይቀው «አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ» ብለዋል።

አጀንዳ 1፦ የወዳጅነቱ መጠን
የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ሁለቱ ተቃቅፈው መሳላቸውን ገልጸው፣ ለጦርነት ጊዜ «ትንሽ በዛ» አሉ። ገንዘብ ያዧ ልብስ ሰፊው ከፊልሙ ተቆርጠው እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። ፊልም ሠሪዋ ታዲያ ከማን ጋር ሊያወሩ ነው ቢሉ፣ ከስፌት መኪናው ጋር ማውራት እንደሚችሉ ተነገራቸው። «እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ» ማለታቸው እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል፤ ተመዝግቧል። ከረጅም ውይይት በኋላ መተቃቀፉ በእጅ ሰላምታ እንዲተካ፣ እጆቹም እንዳይነካኩ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በድንገት የመጣ
ሬዲዮው መንግሥት መለወጡን፣ የማዶ ሰዎችም ወንድሞቻችን መሆናቸውን ተናገረ። ሰብሳቢው የመሪውን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርደው ወንበራቸው ሥር ከተቱ። መተቃቀፉ ሩብ ሰዓት እንዲፈጅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የጥርስ ሐኪሙ እሳቸው ከመጀመሪያውም «አጠረ» ብለው እንደነበር አስታወሱ። ይህ ከላይ በቃለ ጉባኤው አልተገኘም።

ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮው የቀድሞው ዜና ሐሰት መሆኑን አስታወቀ። የእጅ ሰላምታውም ፎቶግራፉም ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ፎቶግራፉ ተዘቅዝቆ። መንግሥት ሲሄድም ሲመለስም የአውቶቡሱን ሰዓት የነካ የለም።

አጀንዳ 3፦ የእጆቹ መነካካት
ገንዘብ ያዧ እጆቹ መነካካት አለመነካካታቸው ሳይታይ ሊታወቅ እንደማይችል በማሳሰባቸው፣ ጉባኤው መጨረሻውን ብቻ ለማየት ከአመልካቾቹ ጋር አዳራሽ ገባ። ከመጀመሪያው ታየ።

ወታደሮች ሱቁን ሲፈትሹ ፊልም ሠሪዋ ከጨርቅ ክምር ሥር ናቸው። ልብስ ሰፊው ክር የሌለውን የስፌት መኪና ይረግጣሉ፣ ይረግጣሉ። ወታደሮቹ ሲወጡ ጨርቁን ገልጠው «ራበሽ?» ይላሉ። ፊልሙ አለቀ። መተቃቀፍ የሚባል ነገር የለውም።

ገንዘብ ያዧ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ውሳኔ፦ ሰብሳቢው የሁላችንም ልብ ስለሸፈተ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ መሻሩን፣ ይህንንም ለመወሰን ድምፅ እንደሌለን ገለጹ። የጥርስ ሐኪሙ ሰው ለመሸኘት ድምፅ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቁ። አያስፈልግም ተባለ። የስፌት መኪናውን ሰብሳቢው ተሸከሙ።

በፊልሙ ያልነበረው መተቃቀፍ አውቶቡሱ በር ላይ ተደረገ። ርዝመቱን የለካ የለም። አውቶቡሱ 12፡20 ሲነሳ ስብሰባው ተበተነ።