ከ«ተመስገን» በኋላ ያለው

የእኛ አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲሉት ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ «ተመስገን» ይላል። እሳቱን የሚያነሳው ቀጥሎ ነው። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፣ አትካዱ! እናም የሰው ኑሮ ማወቅ የፈለገ ሁሉ ከ«ተመስገን» በኋላ ጥቂት መታገሥ አለበት።

ዘንድሮ የኅብረተሰብ ኑሮ የምታጠና አንዲት የውጭ አገር ሰው እንጅባራ መጥታ ጎረቤቴ ቤት ተከራየች። ለከሰል የሚያሳድጉት የዲከረንስ ዛፍ በበሽታ ለደረቀባቸው ገበሬዎች ሌላ ችግኝ ሊታደል ነው፤ የትኛው ቀበሌ ይቅደም የሚለው በእሷ ጥናት ይወሰናል። በተሰባበረ አማርኛዋ «ከእንግሊዝኛ ወደ አዊኛ አስተርጓሚ ፈልግልኝ» አለችኝ። «ምን ችግር አለ!» አልኳት፤ አገሩ የአዊ አይደል እንዴ?

ለካስ እንግሊዝኛ የሚችለው አዊኛውን ጥሎታል፤ አዊኛ የሚችለው ደግሞ እንግሊዝኛ ደጅ አልደረሰም። እኔንም የአዊ ልጁን አባቴ «ትምህርት እንዳይከብድህ» ብሎ በአማርኛ ብቻ ነው ያሳደገኝ። ነፍሱን ይማርና፣ ትምህርቱም ያን ያህል አልቀለለኝም።

ቢቸግር ሁለት ሰው እንደ ገመድ ቀጠልን። ባጃጅ ነጂው ይበልጣል ከአዊኛ ወደ አማርኛ፣ ገና የተመረቀችው ትዕግሥት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ተያይዘን አዲስ ቅዳም አጠገብ ዛፉ ከደረቀባቸው ገበሬዎች አንዱ ወደሆኑት አያ ታረቀኝ ዘንድ ሄድን። አያ ታረቀኝ አማርኛ ያውቃሉ፤ ግን አማርኛቸው ለገበያ ነው። ሐዘናቸውን የሚያወሩት በአዊኛ ነው።

«ዘንድሮ የገጠመዎት ችግር አለ?» ተብለው ተጠየቁ። ሽማግሌው ሰማይ ሰማይ አይተው ጀመሩ። ረዥም ነገር ተናገሩ፤ እጃቸው ወደ ደረቀው ዛፍ፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ሄደ፤ ድምፃቸውም መሐል ላይ ተሰበረ። ባጃጁን መንገድ ዳር ያቆመው ይበልጣል ዓይኑ እዚያው እንደሆነ «ተመስገን ነው የሚሉት። ያው፣ የዛፍ ነገርም አለበት» አለ። ትዕግሥት ይህንኑ በሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ጨረሰችው።

እንግዳዋ ደስ ብሏት ፈገግ አለች።

አያ ታረቀኝ ክው አሉ። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ምን ያስቃታል?» አሉኝ።

ችግኙ ለሌላ ቀበሌ ታደለ። የእነ አያ ታረቀኝ ሰዎች ሲጠይቁ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ችግር የለብንም ብላችኋል» ተባሉ። ወይ ግፍ! ሽማግሌው መች ደበቁ? ሳይሸፋፍኑ ነበር የነገሯት። በይበልጣል እንዳልፈርድ፣ ሥራውን ትቶ ነው የመጣው፤ በትዕግሥት እንዳልፈርድ፣ የሰማችውን ነው ያስተላለፈችው። በአባቴስ እንዴት እፈርዳለሁ? የወደደኝ መስሎት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘኋቸው።

«እንዴት ነዎት፣ አያ ታረቀኝ?»

«ተመስገን።»

አሁን ነቅቻለሁና አልተንቀሳቀስኩም። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ «ከዚያስ በኋላ? ያን ቀን ምን ነበር የነገሯት?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና ጀመሩ፤ በአዊኛ። እጃቸው ወደ መንገዱ ሄደ፤ ድምፃቸው ያው ቦታ ላይ ሲደርስ ተሰበረ። ከአፋቸው አንዲት ቃል እንኳ ብትገባኝ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ምንም። ሲጨርሱ መልስ ይጠብቁ ጀመር።

የማደርገው ጠፋኝና ፈገግ አልኩ።