በአንድ ሙሌት

ፈረንሳይ ሠርቶ ነሐሴን ፖርቱጋል በሚያሳልፈው በእኛ ሕዝብ ውስጥ፣ በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ "መንገድ እንዴት ነበር?" ሲባል ስለ መንገዱ ትንፍሽ የማይል። ዝናቡ መንገድ ቢያጥለቀልቅ፣ ልጅ ከኋላ ቢያስመልስ፣ ሚስቱ ድንበር ላይ ፍቺ ብትጠይቅ ጉዳዩ አይደለም። ደረቱን ነፋ ያደርግና "አልጠጣችም!" ይላል። አልጠጣችም የተባለችው መኪናው ናት፤ ያልጠጣችውም ናፍጣ ነው።

በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ቤልሚሮ ናቸው፤ የእህቴ የዴኦሊንዳ ባል፣ በሙያቸው ግድግዳ ለሳኝ፣ በነፍሳቸው የናፍጣ ዘበኛ። እኔ ሚስትም መኪናም የሌለኝ ሰው ስለሆንኩ በየዓመቱ ከፈረንሳይዋ ክሌርሞን ተነስቼ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። በየዓመቱም ስንደርስ ወገቤን ይዤ "የከርሞ ሰው ይበለኝ እንጂ በአውሮፕላን ነው የምመጣው" ብዬ እምላለሁ።

የክቡርነታቸው ሃይማኖት አጭር ናት፦ "የሚጠጣው መኪናው አይደለም፣ እግር ነው።" ለዚህ እግር ሲባል ለመንገድ ብቻ የሚጫሟት ስስ ነጠላ ጫማ አለቻቸው። በእጃቸው ያጥቧታል፣ ጥላ ውስጥ ያሰጧታል፣ ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈቅዱም። በወፍራም ጫማ ከሆነ ነዳጅ መስጫው "አያናግረኝም" ይላሉ።

ኤሲ? "ኤሲ ሰካራም ነው።" መስኮት መክፈት? "ንፋስ ይገባል፤ ንፋስ ከገባ ትጠጣለች።" ስለዚህ የስፔንን ሜዳ በነሐሴ ፀሐይ የምናቋርጠው ምድጃ ውስጥ እንደተረሳ ዳቦ ሆነን ነው። ሽንቱ የመጣበት ሰውም ሽንቱ ስለመጣ ብቻ አይቆምለትም። ክቡርነታቸው የሚቆሙት ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነው፤ ስንነሳ መኪናዋ ማርሽ ሳይገባ በፎሌ እንድትንደረደር። አገሩ ሜዳ ከሆነ እንግዲህ አምላክ ይርዳህ።

ክብደትም ጠላታቸው ነው። ዘንድሮ ሁለተኛ ጫማዬን ከሻንጣዬ አውጥተው ደጃፍ ላይ ትተውብኛል። እሳቸው ግን ለእናታቸው ለእማማ ሌዮኒልዴ ድፍን አይብ ይደረድራሉ፤ ከአይቡ ጀርባ ደግሞ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አለ። "እሱስ አይመዝንም?" ስላቸው "እሱን ተወው" ብቻ ነው መልሳቸው። ለዓመታት መኪናው ውስጥ ጭንቅላቴን የሚያዞረኝን ሽታ በአይቡ ሳላክክ ኖሬያለሁ።

ዘንድሮ ነገሩ ከረር ያለ ነበር። ክቡርነታቸው ከክሌርሞን እስከ መንደራችን ቫል ዴ ፍሬሾ በአንድ ሙሌት እንደሚገቡ ለቡና ቤቱ ባለቤት በስልክ ነግረዋል፤ ለእሱ ተነገረ ማለት ለአገር ተነገረ ማለት ነው። እስካሁን በየዓመቱ ስፔን ውስጥ ዛሞራ ላይ እጃቸውን ይሰጡና አንገታቸውን ደፍተው ይቀዱ ነበር። በዚያ ላይ የደረስንበት ቀን የእመቤታችን በዓል ነው። ከእንጨት የተቀረጸችውን እመቤታችንን በትከሻቸው ተሸክመው ከሚዞሩት ወንዶች መካከል የፊት ግራው ቦታ የቤልሚሮ ነው፤ ከእሳቸው በፊት የአባታቸው ነበር። ሕጉ ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ደወል ሦስት ጊዜ ይደወላል፤ በሦስተኛው ያልተገኘ ቦታውን ለተረኛው ይለቃል፣ ለዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜው።

ተረኛው ኤርሚኒዮ ነው። ስዊዘርላንድ የሚሠራ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ትልቅ መኪና ያለው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከቤልሚሮ ጋር በሁሉ ነገር የሚፎካከር ሰው። ይህችን ቦታ ሲመኝ ፀጉሩ ሸብቷል።

ማለዳ ተነሳን፤ እስከ ስፔኗ ቡርጎስ ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። እዚያ ክቡርነታቸው አንድ ግዙፍ ተሳቢ አገኙና ጀርባው ላይ ተለጠፉ። ተሳቢው ንፋሱን ይከፍላል፣ እኛ በከፈተው እንገባለን።

"ቤልሚሮ፣ ሰውየው ምልክት እያሳየ ነው፤ ሊታጠፍ ነው" አልኳቸው።

"ዝም በል! እንዲህ ያለ ንፋስ ከፋይ በየቀኑ አይገኝም።"

ተሳቢው ታጠፈ፣ እኛም ታጠፍን። ተሳቢው ወደ ጠባብ መንገድ ወረደ፣ እኛም ወረድን። በመጨረሻ ሁለታችንም አንድ የቲማቲም ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ገባን። ቦቲ ጫማ የተጫማች ሴትዮ መጥታ "ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!" እያለች ማራገፊያውን ጠቆመችን። የሚገርመው ክቡርነታቸው እውነትም ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ።

"ቲማቲም የለንም እመቤት!" ብላ ዴኦሊንዳ በመስኮት ጮኸች። "ያለን አይብና እብድ ነው!"

ከዚያ ግቢ ለመውጣት፣ ከኋላችን የተሰለፉትን ተሳቢዎች ለመለመን፣ ዴኦሊንዳ ሳቋ እስኪቆምላት ለመጠበቅ የፈጀብን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ዛሞራን ስናልፍ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ክቡርነታቸው ማደያውን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት አለፉ። የናፍጣ መለኪያው ጌጅ ወደ ታች ተኝቷል፣ ቀይ መብራቱም በርቷል።

"እንደርሳለን?" አልኩ።

"እግር ነው ነገሩ" አሉ። ግን ድምፃቸው ቀጥኖብኛል።

ድንበሩ ጋ ልንደርስ ስንል፣ ዳገቱ መሐል ላይ አንድ የሚያበራ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አየን። አንድ ሰው የመንገዱ ዳር አጥር ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።

"ኤርሚኒዮ ነው!" አልኩ በደስታ ልፈነዳ ደርሼ። "አላየኸውም! ፊትህን አዙርና እለፍ!"

ቤልሚሮ ፍሬን ያዙ። ፍሬን ለእሳቸው በእግር የሚረገጥ ብክነት ነው። ያውም ዳገት ላይ! ዴኦሊንዳ በመስቀል ምልክት አማተበች።

"ምን ሆንክ?" አሉት ወርደው።

ኤርሚኒዮ መሬት መሬት አየ። "አለቀብኝ።"

"ምኑ?"

"ናፍጣው ነዋ! ምን ታደርቀኛለህ? በአንድ ሙሌት እገባለሁ ብለህ አገር ምድሩን ስታስወራ ጊዜ... እኔስ ምን ያንሰኛል ብዬ ነው።"

"በዚህ ግመል?" አሉት ቤልሚሮ መኪናውን እየገላመጡ። "አንተ ስትነዳ እግርህ ሳይሆን ሆድህ ነው የሚረግጠው።"

"ነገርኩት! ጄኔቫ ላይ ነገርኩት!" አለች ሚስቱ ዞር ሳትል።

ቤልሚሮ ወደ ኋላ ሄደው አይቡን ገፋ ገፋ አደረጉና ያንን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጀሪካን ነበር፤ እስከ አፉ ናፍጣ። አይቡን ለዓመታት በከንቱ ስወነጅለው እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። ክቡርነታቸው ዛሞራ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሲቀዱ ሁሉ ይሄ ከጀርባቸው ነበር ማለት ነው።

"ታዲያ ለምንድነው የምትሸከመው?" አልኩ።

"መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ነዋ" አሉኝ፣ እንዴት ይሄ ይጠፋሃል በሚል ዓይን። "እኔማ አንድ ሙሌት ብያለሁ።"

እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ለኤርሚኒዮ ገለበጡለት፤ ጎንበስ ብለውም የናፍጣ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፓምፑ እየገፉ አስወጡለት። ኤርሚኒዮ ሞተሩን አስነሳና እንደ ጥይት ተፈተለከ። እኔ ነደደኝ።

"የአባትህን ቦታ ለዚያ ሰው በጀሪካን ቀድተህ ሰጠኸው!"

"ዝም በል" አሉኝ። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ጠርገው ወደ መሪያቸው ተመለሱ።

የመንደራችን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ እንዳለፍን ደወል ሰማን። ወዲያውም ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ቀጥ አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የቀረው አንድ አቀበት ነበር። ቤልሚሮ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። እኔ ዓመት ሙሉ የማላግጥባቸው ሰውዬ ዕንባዬን አመጡት።

ከአቀበቱ ጫፍ ነጭ ካባ የለበሱ ሰዎች እየሮጡ ብቅ አሉ። ተሸካሚዎቹ ናቸው። ፊት ፊት ኤርሚኒዮ፣ ካባውን ገልብጦ ለብሶ።

"ሁለተኛው ደወል ነው!" እያለ ይጮኻል። "ሦስተኛው አይደወልም! የደወሉ ገመድ ላይ ሚስቴን አስቀምጫታለሁ! ቄሱም ሊያስነሷት አልደፈሩም!"

ከኋላ ተረባርበው መግፋት ጀመሩ። እኔና ዴኦሊንዳም ወርደን ገፋን። ቤልሚሮ ክላክሱን ለቀቁት፤ እማማ ሌዮኒልዴ ሰገነቷ ላይ ወጥታ መሐረቧን ታወዛውዛለች። እመቤታችን በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ቄሱ ጃንጥላ ይዘውላታል።

"ተገፍቶ መግባት አይቆጠርም!" አለ ኤርሚኒዮ እያለከለከ።

"ኋላ ወይኑን የምትጠጡት እናንተ ናችሁ፤ እሷ አልጠጣችም!" አሉ ቤልሚሮ ካባቸውን እያጠለቁ። በዚያችው ነጠላ ጫማ የፊት ግራውን ተሸከሙ። ኤርሚኒዮ ተረኛነቱን ይዞ ከኋላቸው እየተነጫነጨ ተከተለ።

እኔ ወገቤን ይዤ እማማ ሌዮኒልዴ ሰገነት ሥር ደረስኩ። ስለ ምድጃው፣ ስለ ሽንቴ፣ ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ ከርሞው አውሮፕላን የምነግራትን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

"ልጄ፣ መንገድ እንዴት ነበር?" አለችኝ።

ደረቴ ሳላዘው ተነፋ።

"አልጠጣችም እማማ! በአንድ ሙሌት መጣን!"